የጋሽ ቧንቧ መስኮት

ጋሽ ቧንቧ በሕይወት ዘመኑ ያላቆመው ፍሳሽ አልነበረም። ማቆም ያቃተው ነገር ቢኖር የራሱን ሳቅ ነበር። ለመታወቂያ ፎቶ ሲነሣ እንኳ ፎቶ አንሺው «ጋሼ፣ እንዳይስቁ» ስላለው ብቻ ሳቁ መጣ። ከንፈሩን ገጠመ፤ ጉንጩን ነፋ፤ ትንፋሹን ዋጠ። ወፍራም ሪዙ ግን ሽቅብ ተነሥቶ አፍንጫው ሥር ተሸጎጠ፣ ዓይኖቹም እንባ አቀረሩ። የመታወቂያ ቢሮው ጸሐፊ ፎቶውን አገላብጦ አየና «ሰውየው አሞታል ወይስ እያሾፈብን ነው?» ብሎ መለሰው። ሚስቱ ተቀብላ በቦርሳዋ ከተተችው። ካረፈ በኋላ ካሉት ፎቶዎች ሁሉ እሱን የሚመስለው ያ የተመለሰው ብቻ ሆኖ አገኘችው።

ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ ኬሚስትሪ ያስተማረች ሴት ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ «መምህርት» ይላታል። ሐዘኗን እንደ አሲድ ጠርሙስ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ፣ የሰው እጅ ከማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች። የሚጠይቋትን ሁሉ «ደህና ነኝ» ብላ ታሰናብታለች። አስከትላም ስለ አየሩ ታወራለች።

ታዲያ በዚያ ዓመት የካቴድራሉን አንዱን ትልቅ መስኮት ማዕበል ሰባበረው። የካቴድራሉን ቧንቧ ከምድር ቤቱ እስከ ደወሉ ቤት ያለ ክፍያ ሲጠግን የኖረው ጋሽ ቧንቧ ነበርና፣ አዲሱ ባለ ቀለም መስታወት ለእሱ መታሰቢያ እንዲሆን ኮሚቴው ወሰነ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ማን ሆነችና! የጋሽ ቧንቧ ታላቅ እህት፣ ጡረታ የወጣች ዳኛ፣ ወንድሟን በእጇ ያሳደገች ሴት። ፊቷ ከተፈረደበት ሰው ፊት አይሻልም። አገሩ በሙሉ «እትዬ ዳኛ» ብሎ ይፈራታል።

«መልአክ ይሣልበት፤ ሰይፍ የመዘዘ» አለች እትዬ ዳኛ በስብሰባው ላይ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ከመፍቻ በቀር ምንም ነገር መዞ አያውቅም» አለች መምህርት።

የካቴድራሉ አስተዳዳሪ፣ አባ፣ በሳል አሳብበው አፋቸውን ሸፈኑ።

«እሺ፣ አንቺ ምን ይሁን ትያለሽ?» አለች እትዬ ዳኛ።

«ውሃው ወይን የሆነበት ሰርግ ይሁን።»

«ወንድሜን በግብዣ ልታስታውሺው? ስካር በመስኮት?»

«ስካር አይደለም፣ እትዬ። ስለ አገልጋዮቹ ነው የማስበው።» መምህርት የክፍል ድምፅዋን አወጣች፤ ያ ድምፅ ሲመጣ ዳኛም ቢሆን እጁን አጣጥፎ ይሰማል። «ወይኑ አለቀ። አገልጋዮቹ ጋኖቹን ውሃ እንዲሞሉ ታዘዙ፤ ሞሉ። ቅዱና ውሰዱ ተባሉ፤ ወሰዱ። የግብዣው አለቃ ቀመሰና ሙሽራውን ጠርቶ ‹ደህናውን እስካሁን ደብቀህ ኖሯል!› አለው። አለቃው ከየት እንደመጣ አያውቅም። ሙሽራውም አያውቅም። የሚያውቁት ውሃውን በገዛ እጃቸው የቀዱት ናቸው። እስቲ አንዱን አገልጋይ ያስቡት። ጠርሙስ የሚያህል ምስጢር በጉንጩ ይዞ፣ እንስራውን ታቅፎ፣ ‹እንዴት ያለ ወይን ነው!› ሲባል ይሰማል። መናገር አይችልም። መሳቅ አይችልም። እኔ እምነት የሚሉት ነገር በዚያ ሰውዬ ፊት ላይ ያለው ይመስለኛል። ከአፍ የሚተርፍ ደስታ ይዞ ዝም ለማለት መታገል።»

ከቦርሳዋ ፎቶውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «የአገልጋዩ ፊት ይኸው።»

አባ አዩትና አንገታቸውን ደፉ፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እትዬ ዳኛ ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ በጠረጴዛው ማዶ ገፋ አደረገችው።

«እስማማለሁ። ግን ስሚኝ፤ ወንድሜ በቁሙ የሰው መሳቂያ ሆኖ ኖሯል። ከሞተ በኋላ አልፈቅድም። በዚያ መስኮት የተነሣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከሳቀ ይወርዳል። በምትኩ ስሙ የተጻፈበት ነጭ መስታወት ይገባል። ቃልሽን ስጪኝ።»

መምህርት ቃሏን ሰጠች። ሌላ ምን ታድርግ? ያንን ፊት ሰው ሁሉ በብርሃን ውስጥ እንዲያየው ከመፈለግ በስተቀር ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ነገር አልቀራትም ነበር።

ሥራውን የያዙት ባልና ሚስት ነበሩ። ባል መስታወቱን ይቆርጣል፣ ፊቶቹን ይሥላል፣ በምድጃ ይተኩሳል። ሚስት ደግሞ ቁርጥራጮቹን በእርሳስ ብረት እየጠረዘች ትገጣጥማለች። የሥዕሎቹን ራሶች ሁሉ በአንድ ልክ የመቁረጥ ልማድ ነበራቸው። የተተኮሰ ፊት በብየዳ ፍንጣሪ እንዳይጎዳም ወረቀት ይለጥፉበታል፤ ወረቀቱ የሚላጠው መስኮቱ ቦታው ላይ ቆሞ ብርሃን ሲመታው ነው፤ የሚልጠውም የሟቹ ቤተሰብ ነው። «ፊት በጨለማ አይገለጥም» ይላል ባልየው።

ሁለቱ የሚሠሩት በትልቅ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ቆመው ነው። እሱ «የቀኙን አንሺ» ሲላት የእሱን ቀኝ ማለቱ ስለሆነ፣ እሷ ከትዳራቸው መጀመሪያ አንሥቶ በልቧ እየገለበጠች ግራዋን ታነሣለች። ተሳስታ አታውቅም። በዚያ ሳምንት ግን ብርድ ሆነና ማሞቂያው ያለው በእሱ በኩል ስለነበር ዞራ መጥታ አጠገቡ ቆመች። እሱ ወረቀት የተለጠፈባቸውን ሁለት ፊቶች ጠረጴዛው ላይ አኑሮ «የቀኙ ሙሽራዋ ናት፣ የግራው አገልጋዩ» አላት። እሷም እንደ ልማዷ ገለበጠችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ቦታው ላይ ቆመ። መምህርት በመሰላሉ ወጣች። አባ መሰላሉን በአንድ ወገን፣ ገጣጣሚዋ በሌላው ወገን ይዘዋል። ባልየው እጁን በሽርጡ እየጠረገ ወደ ላይ ያያል። ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ የማር ቀለም ያለው መስታወት ፊቷ ላይ ፈሰሰባት። ልቧ እንደ ልጃገረድ ልብ ይመታ ነበር። እንስራ ወደ ታቀፈው አገልጋይ እጇን ሰደደች፤ የወረቀቱን ጫፍ በጥፍሯ ፈልቅቃ ቀስ ብላ ላጠችው።

ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች።

«ምነው፣ መምህርት? አላማረም?» አለ ሠሪው ከታች።

«አምሯል» አለች ቀስ ብላ። «በጣም አምሯል። ሽፋሽፍቱ ረዝሟል።»

«ምን?»

«ጉትቻም አድርጓል።»

ከታች ያሉት ተያዩ። መምህርት ክንዷን ዘርግታ ከሙሽራው ጎን የተቀመጠችውን የሙሽራዪቱን ወረቀት ሳብ አደረገችው። ነጭ መጋረጃ፣ የአበባ ጉንጉን፣ ከአበባው ሥር ሽቅብ የተነሣ ወፍራም ሪዝ፤ ከሪዙ በላይ ደግሞ እንባ ያቀረሩ ሁለት ዓይኖች። ጋሽ ቧንቧ ተሞሽሮ፣ ሳቁን በጉንጩ ይዞ ቁልቁል ያያታል።

መጀመሪያ በአፍንጫዋ መጣ። ልትመልሰው ሞከረች። መሰላሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እየወደቀች ነው! አጥብቀው ይያዙ፣ አባ!» ጮኸች ገጣጣሚዋ።

አልወደቀችም። ከዓመት በላይ ያልሳቀችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እየሳቀች ነበር። የመሰላሉን እርከን አቅፋ፣ ግንባሯን ብረቱ ላይ አድርጋ፣ «ሪዙን... ሪዙን እዩት!» ትላለች። አባ ቀና ብለው አዩና «በስመ አብ!» ብለው መሰላሉን ለቀው ቁጢጥ አሉ፤ የሚያለቅሱ ይመስሉ ነበር።

የማይስቁት ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ።

«የቀኙ ሙሽራዋ አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል! ቀኝህ ግራዬ አይደል?»

«አጠገቤ ቆመሽ?»

«ታዲያ ስዞር ‹ዞረሻልና ቀኜ ቀኝሽ ነው› አትለኝም? ዕድሜዬን ሙሉ ስገለበጥልህ የኖርኩ ሴት፣ አንድ ቀን ቀጥ ልበል?»

ሳቁ ሲያልፍላት መምህርት ከመሰላሉ ወረደች። እግሯ መሬት ሲነካ ነው የእትዬ ዳኛ ቃል ትዝ ያላት። አንድ ሰው ከሳቀ ይወርዳል።

«አባ፣ እትዬ ይህን ካየች አለቀልኝ። ነጭ መስታወት ይገባል። እሱም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ምድር ቤት ይቀመጣል።»

«መለዋወጥ አይቻልም?» አሉ አባ ወደ ሠሪው ዞረው።

«ይቻላል። ግን አውርጄ፣ እርሳሱን ፈትቼ፣ ጠርዤ፣ መልሼ... ሳምንት ስጡኝ።»

«ጳጳሱ ነገ ሊባርኩት ይመጣሉ። ሕዝቡ ተጠርቷል።» አባ ጢማቸውን አሻሹ። «እንግዲያስ ወረቀቱን መልሰን እንለጥፍ። እንደተሸፈነ ይባረክ። ከዚያ በጸጥታ ታስተካክሉታላችሁ። እትዬም ምንም ሳታይ ታልፋለች።»

«ሙጫ ይዛችኋል?» አለች መምህርት ባልና ሚስቱን።

ሙጫው ሱቅ ቀርቷል። አባ ከመቅረዙ ሥር የሻማ ቁራጭ ለቅመው መጡ። መምህርት ራሷ አቅልጣ፣ ራሷ ቀብታ፣ የሁለቱን ፊት ወረቀቶች በሰም ለጠፈቻቸው፤ የሌሎቹን ሁሉ ግን ልጣ አነሣች። ሰም በስንት ሙቀት እንደሚቀልጥ ለስንት ትውልድ ያስተማረች ሴት! ሳቅ ያሰከረው ሰው ኬሚስትሪም ይጠፋበታል።

እሑድ ካቴድራሉ ጢም ብሎ ሞላ። ከፊተኛው ወንበር እትዬ ዳኛ ጥቁር ለብሳ እንደ ችሎት ተሰይማለች፤ ከአጠገቧ መምህርት ተቀምጣለች። ሠሪውና ሚስቱ ምሰሶ ሥር ቆመዋል። ውጭ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ፀሐይዋም ምንም እንዳልሰማች ሁሉ ቀስ እያለች ወደዚያ መስኮት ትዞራለች።

ጳጳሱ ለሁሉ ነገር ትርጉም የሚያወጡ ሰው ነበሩ። የጠፋ ሻማ፣ የቆመ ሰዓት፣ የሚንጫጫ በር ለእሳቸው ስብከት ነው። መስኮቱን ቀና ብለው አዩ። የሰው ሁሉ ፊት ተገልጦ፣ የአንድ አገልጋይና የሙሽራዪቱ ብቻ በወረቀት ተሸፍኗል። ማንም ምክንያቱን አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

«ልጆቼ» አሉ። «ይህን ያሰበ ሰው ምን ያህል ርቆ አስቧል! የአገልጋዩ ፊት ለምን ተሸፈነ? እውነተኛ አገልግሎት ስውር ስለሆነ ነው። ውሃውን ቀድቶ ስሙን ያልተናገረ!»

አባ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። መምህርት የቦርሳዋን ማንገቻ በጥርሷ ልትነክሰው ምንም አልቀራት።

«የሙሽራዪቱስ? ሙሽራዪቱ ቤተ ክርስቲያን ናት። ውበቷን ዛሬ ማን አይቶታል? ማንም!»

«እሱስ እውነታቸውን ነው» አለች ገጣጣሚዋ በሹክሹክታ። ባሏ በክርኑ ጎሸማት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ያ ወረቀት ግን ብልጥ ነበር መሰለኝ። ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ሙሉ ለሙሉ ባረፈች ጊዜ አንዲት የሰም ጠብታ በሙሽራዪቱ አንገት እንደ ዕንቁ ተንከባለለች። የወረቀቱ ጥግ ተጠቀለለ። መምህርት አየችው። አባም አዩት። ሁለቱ በዓይናቸው ተጠራሩ፤ ምን ሊያደርጉ? መሰላሉ ተመልሷል።

«ግን ልጆቼ» አሉ ጳጳሱ ክንዳቸውን ወደ መስኮቱ ዘርግተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ቀኑ ሲደርስ መሸፈኛዋ ይወርዳል! ክብሯንም በዓይናችን እናያለን!»

መሸፈኛዋ ወረደ።

ወረቀቱ በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ተገለባብጦ፣ ቀስ ብሎ፣ ከጳጳሱ ጫማ አጠገብ አረፈ። ከላይ ጋሽ ቧንቧ በነጭ መጋረጃ፣ በአበባ ጉንጉን፣ ሪዙ በፀሐይ እንደ ነሐስ እያብረቀረቀ፣ ጉንጩን ነፍቶ ካቴድራሉን ቁልቁል አየ።

ዝምታው የሚያስፈራ ነበር። የዚያን ሁሉ ሕዝብ ትንፋሽ ያዘ። መምህርት ዓይኗን ጨፍና «እንዳትስቁ፣ እንዳትስቁ» ትል ነበር በልቧ፤ ለማን እንደምትለው ሳታውቅ።

ከአጠገቧ አንድ ድምፅ ሰማች። የቧንቧ ድምፅ ይመስላል፤ አየር የገባበት ቧንቧ ውሃ ሊተፋ ሲል የሚያሰማው ዓይነት። ዓይኗን ገለጠች። እትዬ ዳኛ ናት። ከንፈሯን ገጥማለች፤ ጉንጯ ተነፍቷል፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። መምህርት ሁለቱ እህትና ወንድም ይህን ያህል እንደሚመሳሰሉ በሕይወቷ አስተውላው አታውቅም ነበር።

«እትዬ...» አለች።

እትዬ ዳኛ ፈነዳች። ጥቁር ባርኔጣዋ ከራሷ ላይ ወደቀ። ካቴድራሉ የጠበቀው ፈቃድ ይህ ነበርና አብሯት ፈረሰ። ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው፣ መዘምራኑ በመጽሐፋቸው ተሸፍነው፣ አባ ምሰሶ አቅፈው ሳቁ። ገጣጣሚዋ የባሏን ሽርጥ ጎትታ ፊቷን ቀበረችበት። ሳቁ ጉልላቱ ድረስ ወጥቶ፣ እዚያ ጥቂት ዞሮ፣ ተመልሶ ይወርዳል።

ጳጳሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉና አዩ።

«እኔ ይህን ሰው አውቀዋለሁ» አሉ። «የመታጠቢያ ቤቴን ቧንቧ የሠራው ነው!»

ሌላ ዙር ሳቅ ሆነ። ጳጳሱ እጃቸውን አንሥተው እስኪበርድ ጠበቁ። እሳቸውም ከንፈራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል።

«ሙሽራዪቱ ቤተ ክርስቲያን ናት ብያለሁ፤ አልመለስም። ቤተ ክርስቲያን ማለትም እኛ ነን፤ ሪዝ ያለንም የሌለንም። ይህ ሰው ሲቀዳ ኖረ፣ ሲሸከም ኖረ። እንግዲህ እንደማየው አንድ ሰው እንስራውን ተቀብሎት፣ ‹አሁንስ አንተ ተቀመጥ፤ ሰርጉ የአንተ ነው› ብሎታል። እኛ ይህን ተስፋ እናደርጋለን እንላለን። ዛሬ ግን ሲሆን ያየን ይመስለኛል።»

ያኔ የመምህርት ጠርሙስ ክዳኑ ተነሣ። እየሳቀች ነበር፤ ፊቷ ደግሞ እርጥብ ነበር። የትኛው የቱ እንደሆነ ራሷም አልለየችውም፤ ማንም ዞር ብሎ አላያትም፤ ሁሉም የራሱን ፊት ይጠርግ ነበር።

ሕዝቡ ከወጣ በኋላ በደረጃው ላይ አራቱ ቀሩ። እትዬ ዳኛ ባርኔጣዋን በእጇ ይዛለች። መምህርት ጀርባዋን አቅንታ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«እትዬ፣ ቃል ቃል ነው። ሰው ስቋል።»

«ማን ነው መጀመሪያ የሳቀ?»

«እርስዎ።»

«ምስክር አለሽ?»

«ጳጳሱ፣ አባ፣ መዘምራኑ፣ ከዚያ ደግሞ...»

«በቃ፣ በቃ።» እትዬ ዳኛ ባርኔጣዋን አቧራ እንዳለው ሁሉ አራገፈችው። «ዳኛ በራሱ ጉዳይ አይፈርድም። ከችሎቱ ተነሥቻለሁ። ፍርዱን አንቺ ስጪ።»

ሠሪው ጣልቃ ገባ። «መምህርት፣ አንድ ሳምንት ብቻ! አውርጄ አስተካክለዋለሁ። አገልጋዩን አገልጋይ፣ ሙሽራዋን ሙሽራ። እርስዎ እንዳሰቡት። እንዲህ ቢቀር የሙያ ባልደረቦቼ ምን ይሉኛል?»

«ቀኝህንና ግራህን አታውቅም ይሉሃላ» አለች ሚስቱ።

መምህርት በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየች። ከዚህ ሲታይ ሰዎቹ ትናንሽ ናቸው፤ ቀለማቱ ብቻ ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል። ያሰበችው እንስራ ታቅፎ ምስጢሩን እንደያዘ የቆመ ሰው ነበር። ለወራት ሌት ተቀን በልቧ አቁማው ነበር። አሁን ስታየው ግን ከማዕዱ መካከል ተቀምጧል። ማንም «እስቲ አንዴ ና፣ ይቺ ነገር ታንጠባጥባለች» ብሎ አይጠራውም።

«ይቀመጥ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ዕድሜ ልኩን ቆሞ ሠርቷል። አሁን ከተቀመጠበት የሚያስነሣው የለም።»

«ፍርዱ ጸንቷል» አለች እትዬ ዳኛ። ሠሪው ሊከራከር አፉን ሲከፍት ሚስቱ ክንዱን ይዛ በደረጃው አወረደችው። በግራው ይሁን በቀኙ አላየንም።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። እትዬ ዳኛ ወደ በሩ አንገቷን አሰገገች።

«ሰው አለ ውስጥ?»

«ማንም የለም።»

«እንግዲያስ ነይ። አንድ ጊዜ ብቻ ልየው። እንደ ሰው፣ እንደ ጨዋ፣ ዝም ብዬ።»

«ዝም ይላሉ?»

«ምን ነካሽ! እኔ እኮ ዳኛ ነኝ።»

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ገቡ። በሩን ሊዘጋ የመጣው ዘበኛ ቁልፉን ይዞ ደረጃው ላይ ቆመ። ጥቂት ጊዜ ጸጥታ ሆነ። ቀጥሎ አንዲት ሴት በአፍንጫዋ ስትስቅ ተሰማ፤ ወዲያው ሌላዋ «እትዬ! ቃል ገብተው!» ስትል፤ ከዚያ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አልተቻለም። ዘበኛው ቁልፉን ኪሱ ከተተና ደረጃው ላይ ተቀመጠ።